አረንጓዴ ውሃ ለዓሣ እርባታ፦ ደቂቅ አልጌን በኩሬና በገንዳ የማልማት መመሪያ

ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚያረባ ሰው ከዓሣው አስቀድሞ የሚያለማው ውሃውን ነው። ኩሬው አረንጓዴ መልክ መያዝ ሲጀምር ብዙ ጀማሪ አርቢዎች ውሃው የተበላሸ ይመስላቸውና አፍስሰው በንጹህ ውሃ ለመተካት ይቸኩላሉ። እንዲህ ሲያደርጉ በፀሐይ ብርሃንና በጥቂት ማዳበሪያ ያገኙትን መኖ ከነኦክስጅን ምንጩ ይደፉትና ዓሣውን በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ብቻ ለማሳደግ ይገደዳሉ። የመኖ ዋጋ እየናረ ባለበት በዚህ ጊዜ ለአነስተኛ አርቢ ከዚህ የከፋ ኪሳራ አይታየኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ደቂቅ አልጌን በዓሣው ኩሬ ውስጥ እንዴት ማብቀልና መቆጣጠር እንደሚቻል፣ ቀጥሎም ለዓሣ ጫጩቶች ምግብ የሚሆኑትን ክሎሬላና ስፓይሩሊና የተባሉ አልጌዎች በተለየ ገንዳ እንዴት ማልማት እንደሚቻል በዝርዝር ይቀርባል።

ቆሮሶ ከአልጌ የሚያገኘው

ደቂቅ አልጌዎች አንድ በአንድ በዓይን የማይታዩ፣ በብርሃን አስተጻምሮ ምግባቸውን ራሳቸው የሚሠሩ የውሃ ውስጥ ሕያዋን ናቸው። ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስደው ኦክስጅን ይለቃሉ፤ ከዓሣው ኩስና ከተረፈ መኖ የሚመነጨውን አሞንያም ለእድገታቸው ይጠቀሙበታል። በዚህ ምክንያት በልኩ አረንጓዴ የሆነ ኩሬ ከጠራ ኩሬ ይልቅ ለዓሣው የሚስማማ ነው።

የናይል ቆሮሶ ደግሞ አልጌን በቀጥታ መብላት ከሚችሉ ዓሦች ግንባር ቀደሙ ነው። በሚመገብበት ጊዜ የጨጓራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ2 በታች ይወርዳል፤ ይህ ብርቱ አሲድ ብዙ ዓሦች መፍጨት የሚያቅታቸውን የሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ (ሳያኖባክቴሪያ) የሕዋስ ግድግዳ ይሰብርለታል። አምባዛ ግን ይህ ችሎታ ስለሌለው ከአልጌ የሚጠቀመው በተዘዋዋሪ፣ አልጌውን የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት በመብላት ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ስለ ጫጩት አመጋገብ ስናነሳ ይመለሳል።

ኩሬውን ማዳበር

የማዳበሪያው ውጤት በመጀመሪያ በአፈሩና በውሃው ኬሚካላዊ ጠባይ ይወሰናል። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በምዕራቡ የአገራችን ደጋማ ክፍል፣ ኩሬው ውሃ ከመሙላቱ በፊት ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም የእርሻ ኖራ በወለሉና በግድግዳው ላይ ይበተናል። ኖራ ያልቀመሰ አሲዳማ ጭቃ ፎስፎረስን ይዞ ስለሚያስቀር፣ ያለ ኖራ የሚጨመር ማዳበሪያ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግን ውሃው አብዛኛውን ጊዜ በተፈጥሮው አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ስለሆነ ኖራ አያስፈልገውም።

ኩሬው ከተሞላ በኋላ ውሃው እንዲረጋ ያስፈልጋል። ዘወትር ገብቶ የሚፈስ ውሃ ማዳበሪያውንም አልጌውንም ይዞ ስለሚሄድ፣ መግቢያው የሚከፈተው በትነትና በስርገት የጎደለውን ለመተካት ብቻ መሆን አለበት።

ለተዳበረ የቆሮሶ ኩሬ በስፋት የሚመከረው ከፍተኛ መጠን በሳምንት ለ100 ካሬ ሜትር 280 ግራም ናይትሮጅንና 70 ግራም ፎስፎረስ ነው። በገበያችን በሚገኘው ማዳበሪያ ሲሰላ ይህ ወደ 420 ግራም ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) እና 435 ግራም ዩሪያ ይሆናል። እኔ ግን ጀማሪ አርቢ ከዚህ ግማሹን ይዞ እንዲነሳና የውሃውን ቀለም እያየ እንዲጨምር እመክራለሁ፤ ያነሰን ማዳበሪያ በሚቀጥለው ሳምንት መሙላት ይቻላል፣ የበዛን ግን ከውሃ ውስጥ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ኤንፒኤሱ በባልዲ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ፀሐይ በወጣበት ረፋድ ከነውሃው በኩሬው ገጽ ላይ ይረጫል። እንዲሁ በጥራጥሬው ከተበተነ ወለል ላይ ይዘቅጥና ፎስፎረሱን ጭቃው ይወስደዋል።

የዶሮ ፍግ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ በሳምንት ለ100 ካሬ ሜትር እስከ 5 ኪሎ ግራም የደረቀ ፍግ መጠቀም ይቻላል፤ ፍጉ በጆንያ ታስሮ ውሃው ውስጥ ቢንጠለጠል ጭማቂው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ጆንያውን ማንሳትም ቀላል ነው። ፍግ ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚበላ ከሙሉ መጠን የፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር በአንድነት መጨመር የለበትም፤ ዓሣው ለምግብ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም መቋረጥ ይኖርበታል።

ሰማዩ ጠርቶ ውሃው ሞቅ ካለ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አረንጓዴው ይታያል። ካልታየ፣ ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑና ውሃው በደንብ ከለማ ጎረቤት ኩሬ ጥቂት ባልዲ ውሃ አምጥቶ መጨመር ሂደቱን ያፋጥነዋል። ጫጩቶቹ ወደ ኩሬው የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት በአልጌ ላይ ለተመሠረተ ኩሬ ተገቢ መጠን ነው።

የውሃውን ቀለም ማንበብ

ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለውም ይኸው ነው። መሣሪያው እቤት ይሠራል፦ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ክዳን በአራት ይከፈልና ተቃራኒ ክፍሎቹ ነጭና ጥቁር ይቀባሉ፤ ከዚያም በየሴንቲ ሜትሩ ምልክት በተደረገበት ዘንግ ጫፍ ላይ ይመታል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይን በጀርባ በኩል በማድረግ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀትም በደብተር ይመዘገባል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ከጠፋ አልጌው በልኩ ነው። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶም የሚታይ ከሆነ ማዳበሪያ ይጨመራል፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በፊት ከጠፋ ደግሞ ማዳበሪያው ወዲያው ይቆማል። ክዳን ያልሠራ ሰው ክንዱን እስከ ክርኑ ማስገባት ይችላል፦ ውሃው ክርኑ ጋ ሲደርስ መዳፉ መታየት ካቆመ ውሃው ደህና ነው።

አልጌ ሲበዛ አደጋው ቀን ላይ አይታይም። ከሰዓት በኋላ ውሃው በኦክስጅን ሞልቶ ይተርፋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን አልጌው ራሱ እንደ ዓሣው ኦክስጅን መሳብ ስለሚጀምር፣ መጠኑ ሌሊቱን ሲቀንስ አድሮ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ እጅግ ዝቅ ይላል። በዚያን ሰዓት ኩሬ ዳር የደረሰ አርቢ ዓሦቹ ጭንቅላታቸውን ወደ ውሃው ገጽ አውጥተው፣ አፋቸውን ቶሎ ቶሎ እየከፈቱና እየዘጉ፣ በተለይም ውሃ በሚገባበት ቦታ ተሰብስበው ካገኛቸው ኦክስጅን ማለቁን ይረዳ። የዚያን ቀን መኖም ማዳበሪያም አይሰጥም። እስከ ሲሶ የሚሆነው ውሃ ከሥር በኩል ይለቀቅና ንጹህ ውሃ ከከፍታ እየተወረወረ ይተካል፤ ውሃው እየተረጨ በወደቀ መጠን ከአየሩ ብዙ ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ሰው በማለዳ የማይደርስበት ኩሬ ከፍተኛ መጠን ያለው ማዳበሪያ ሊጨመርበት አይገባም።

በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሁለት ነገሮች ይደራረባሉ። ደመናው ለተከታታይ ቀናት ፀሐይን ሲሸፍን አልጌው ኦክስጅን ማምረቱን ይቀንሳል፣ መተንፈሱን ግን አያቆምም፤ ስለሆነም በደመናማ ሳምንት ማዳበሪያ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው። ሁለተኛው የጎርፍ ድፍርስ ነው። ከአልጌ ይልቅ በሸክላ አፈር የደፈረሰ ውሃ ክዳኑን በ15 ሴንቲ ሜትር ሊሰውረው ስለሚችል አርቢው አልጌ የበዛበት ሊመስለው ይችላል፤ ቀለሙ ግን ቡናማ ወይም ግራጫ ነው፣ ብርሃን ስለማያሳልፍም አልጌ አያበቅልም። ለዚህ መድኃኒቱ ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር ነው፤ እሱም ከክረምቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖም አልጌው መጥፎ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነፋስ ወደሚገፋበት ጥግ የተሰበሰበ፣ በቀለም እንደተቀባ የሚያብረቀርቅና መጥፎ ሽታ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ግግር ከታየ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ዝርያ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ ሲሆን የቆቃ ሐይቅ በእሱ ክስተት በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ያለ ማይክሮስኮፕ ለመጠርጠር የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፦ ከኩሬው ውሃ በጠራ የመስታወት ብርጭቆ ተቀድቶ ሳይነካ ይደር። ጠዋት ላይ አረንጓዴው በሙሉ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወፍራም ሽፋን ከሠራ የሚንሳፈፉት ሳያኖባክቴሪያዎች በዝተዋል ማለት ነው፤ በውሃው ውስጥ ተበታትኖ ከቀረ ወይም ወደ ታች ከዘቀጠ አብዛኛው ሌላ ዓይነት አልጌ ነው። ግግሩ በወንፊት ከገጹ ላይ እየተገፈፈ ይወገዳል፤ ማዳበሪያው ይቆማል፤ ከብትም ሰውም ከዚያ ውሃ እንዳይጠጣ ይደረጋል። አልጌውን በአንድ ጊዜ በኬሚካል መግደል ግን አይመከርም፤ የሞተው ሁሉ ሲበሰብስ የተረፈውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ በውስጡ የነበረውንም መርዝ ወደ ውሃው ይለቀዋል።

የክሎሬላ ገንዳ ለጫጩቶች

ኩሬው ትልቁን ዓሣ ይመግባል፤ ጫጩት የሚያፈለፍል ሰው ግን የተለየና ንጹህ የአልጌ ምንጭ ቢኖረው ይጠቅመዋል። ክሎሬላ ሕዋሱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ብቻ የሆነ ክብ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ በጨው አልባ ውሃ በቀላሉ ይለማል። በባሕር ዓሣ ማፈልፈያዎች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ናኖክሎሮፕሲስ ሲሆን እሱም ሮቲፈር የተባሉትን ጥቃቅን እንስሳት ለማርባት ያገለግላል።

ሮቶ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ገንዳ በደንብ ታጥቦ በውሃ ይሞላል። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና ለ100 ሊትር 30 ሚሊ ሊትር ተጨምሮ ተሸፍኖ ያድራል፤ ከዚያም ክሎሪኑ እስኪጠፋ ሁለት ቀን በፀሐይና በአየር መንፊያ ይቆያል። ሽታው ሳይጠፋ አልጌ የጨመረ ሰው አልጌውን ራሱ ይገድለዋል። ቀጥሎ ለ100 ሊትር 5 ግራም ኤንፒኤስና 5 ግራም ዩሪያ ሟሙቶና በጨርቅ ተጠልሎ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ከውሃው አንድ አምስተኛ የሚሆን የክሎሬላ ዘር ይገባል። ዘሩ ከአንድ ሊትር ጠርሙስ ወደ 5 ሊትር፣ ከዚያም ወደ 25 ሊትር ጀሪካን፣ ከዚያ ወደ ገንዳው ደረጃ በደረጃ መብዛት አለበት፤ ጥቂት ዘር ብዙ ውሃ ውስጥ ከገባ ባዕድ አልጌ ይቀድመዋል። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ከሲሶው እስከ ግማሹ ይቀዳና ንጹህ ውሃና ማዳበሪያ ይተካለታል። አረፋ መብዛት፣ ወደ ቢጫ መለወጥና ወደ ወለል መዝቀጥ በገንዳው ያለው አልጌ ሊሞት መቃረቡን ያመለክታሉ። ይህ የማይቀር ስለሆነ ሁለት ሦስት ጠርሙስ መጠባበቂያ ዘር፣ ብርሃን ባለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት መስኮት አጠገብ ምንጊዜም ይቀመጣል።

ይህ አረንጓዴ ውሃ የቆሮሶ ጫጩቶች ወዳሉበት ገንዳ በቀጥታ ይጨመራል። ለአምባዛ ግን አንድ እርምጃ ይቀረዋል። የአምባዛ እጭ የተሸከመውን አስኳል ጨርሶ መብላት በሚጀምርባቸው ቀናት የሚንቀሳቀስ ሕያው ምግብ ይፈልጋል፤ ለዚህም ሞይና የተባሉት፣ በተለምዶ የውሃ ቁንጫ የሚባሉት ትንንሽ ፍጥረታት በክሎሬላው ላይ ረብተው በረቂቅ መረብ እየተጠለሉ ይሰጡታል።

ስፓይሩሊና

ስፓይሩሊና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሻላ አጠገብ ያለው የጭቱ ሐይቅና በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ጥቁር አረንጓዴ መልካቸውን ያገኙት ከዚሁ ሲሆን የጭቱ ፍላሚንጎዎችም የሚመገቡት እሱን ነው። በቻድ የካነምቡ ሴቶች ከሐይቅ ዳር ኩሬዎች አጥልለውና በፀሐይ አድርቀው ዲሄ የተባለ ምግብ ያደርጉታል። በካሊፎርኒያ ኧርዝራይዝ የተባለው ትልቅ የስፓይሩሊና እርሻ የምርምር ሥራውን ለረጅም ዓመታት የመሩትም ኢትዮጵያዊው የውሃ ሕያዋን ተመራማሪ ዶክተር አምሃ በላይ ናቸው። እውቀቱም ዘሩም ከእኛው እያለ በዓሣ ጫጩት ማፈልፈያዎቻችን እምብዛም አለመታየቱ ያሳዝነኛል።

ፒኤቹ ከ9 እስከ 11 የሆነ ሶዳማ ውሃና ሙቀት፣ በተለይም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ ይስማማዋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ በጣም ይዘገያል። በመሆኑም በአዋሽ ተፋሰስና በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች ያለ ብዙ ድካም ይለማል፤ በደጋ ግን ገንዳውን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ማድረግ ግድ ነው። የሶዳው መጠን ለድርድር አይቀርብም፦ በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው የኪሎሌ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ውሃ ሲገባበት ሶዳው ቀጥኖ ስፓይሩሊናው ጠፍቷል። ዝናብ የሚገባበት ክፍት ገንዳም በትንሹ የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ይሸፈናል።

ለ100 ሊትር ውሃ 800 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም በየሱቁ ቤኪንግ ሶዳ ተብሎ የሚሸጠው፣ 500 ግራም አዮዲን ያልተቀላቀለበት ጨው፣ 200 ግራም ፖታሽየም ናይትሬት፣ 20 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ 10 ግራም አሞኒየም ፎስፌትና 1 ግራም የብረት ሰልፌት ያስፈልጋል፤ ብረቱ በሎሚ ጭማቂ ሟሙቶ ቢገባ አይዘቅጥም። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ስለሆነ በቤኪንግ ሶዳ ቦታ አይገባም። ፖታሽየም ናይትሬት ካልተገኘ ዩሪያ ለዚሁ 100 ሊትር በቀን ከ1.5 ግራም ሳይበልጥ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚህ ካለፈ በዚህ ከፍተኛ ፒኤች ወደ አሞንያነት ተለውጦ አልጌውን ይመርዘዋል።

ዘሩን ከሐይቅ በቀጥታ መቅዳት ያጓጓል፤ ነገር ግን የሐይቅ ውሃ የሌሎች ሳያኖባክቴሪያዎች ቅልቅል ሊኖረው ስለሚችል፣ በማይክሮስኮፕ የተጣራ ዘር የውሃ ሕያዋን ጥናት ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ወይም ሰበታ ከሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጠይቆ መጀመር ይሻላል። ገንዳው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጠልቃል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልጌው ገና ስስ ስለሆነ ብርቱ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ በሼድ ኔት (ጥላ በሚሰጥ መረብ) ይጋረዳል። በቀን ብዙ ጊዜ በንጹህ መጥረጊያ ቀስ ተብሎ ይማሰላል።

ነጭ ሳህን በ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከዓይን ሲሰወር ምርቱ ደርሷል። በማለዳ ቀዳዳው ከ30 እስከ 50 ማይክሮን በሆነ ጨርቅ ይጠለላል፤ የተጠለለው ውሃ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ለስላሳ አረንጓዴ ሊጥ በጥቂት ንጹህ ውሃ ታጥቦ ይጨመቃል። በዚያው ቀን ከመኖ ጋር ተለውሶ ቢሰጥ ከሁሉ ይመረጣል። ማቆየት ካስፈለገ በቀጭኑ ተዘርግቶ ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት ይደርቃል፤ አየር በማያስገባና ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃም ይቀመጣል።

የት እንደሚውል በጥንቃቄ ማስላት ያስፈልጋል። በደህና የተያዘ 10 ካሬ ሜትር ገንዳ በቀን ወደ 50 ግራም ደረቅ ስፓይሩሊና ይሰጣል። እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 1000 ቆሮሶዎች በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም መኖ ስለሚበሉ ይህ መጠን ለእነሱ ምንም አይደለም። እያንዳንዳቸው 1 ግራም የሆኑ 5000 ጫጩቶች ግን በቀን የሚፈልጉት ግማሽ ኪሎ መኖ ነው፤ 50 ግራሙም የዚያን 10 በመቶ ይሸፍናል። ከደረቅ ክብደቱ ከ55 እስከ 70 በመቶው ፕሮቲን የሆነ ምግብ ቦታው እዚያ፣ በጫጩቶቹና ለዘር በተለዩት እናት ዓሦች መኖ ውስጥ ነው።

ምርት ሲደርስ

በአልጌ የበለጸገ ኩሬ ያደገ ዓሣ አንዳንድ ጊዜ የጭቃ ጣዕም ይኖረዋል፤ የሚያመጣው አንዳንድ ሳያኖባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን ጤናን ባይጎዳም ገዢን ያሸሻል። ከመሸጡ በፊት አንድ ሁለት ዓሣ ጠብሶ መቅመስ በቂ ምርመራ ነው። ጣዕሙ ካለ ዓሦቹ ያለ መኖ ከ3 እስከ 7 ቀን በሚፈስ ንጹህ ውሃ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከዚያ እንደገና ተቀምሶ ለገበያ ይወጣል። ከኩሬው የሚለቀቀው አረንጓዴ ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፎረሱን እንደያዘ ስለሆነ ወደ ወንዝ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ቃሪያውና ወደ ቲማቲሙ መደብ ይመራ፤ ከወለሉ የሚዛቀው ጭቃም ደርቆ ወደዚያው ይሂድ። የስፓይሩሊናው ገንዳ ውሃ ግን ጨውና ሶዳ ስለተሞላ በምንም ዓይነት ወደ እርሻ መለቀቅ የለበትም።